ዓሣ መሰል ሮቦት ለቀበና ወንዝ ይሆናል ወይ?

ጥያቄው፦ «አምስት ሆነን የመመረቂያ ፕሮጀክት እየሠራን ነው። እንደ ዓሣ የሚዋኝ ሮቦት ሠርተን ቀበና ወንዝ ውስጥ ልንለቅ አስበናል። ውሃውን እየለካ ውጤቱን በዋይፋይ ወደ ስልካችን ይልካል። ድልድዩ ሥር ልጆች ሲጫወቱ፣ ሰዎች ልብስ ሲያጥቡ በየቀኑ እናያለን። ሮቦቱ ‹ንጹሕ ነው› ወይም ‹አይደለም› ብሎ ከነገረን ለወረዳው ማሳወቅ እንፈልጋለን። የዓሣ ቅርጽ ይሻላል ወይስ የእባብ?»

የቅርጹን ነገር ወደ ኋላ ላቆየው። ከሱ በፊት መስተካከል ያለበት አለ። ሮቦት ውሃ አይለካም። የሚለካው ሴንሰሩ ነው። ሮቦቱ ሴንሰሩን የሚሸከም አህያ ነው በሉት። አህያዋ ጠንካራ ብትሆንም ጭነቱ ገለባ ከሆነ ገበያ ላይ የሚወጣው ገለባ ነው። ብዙ ተማሪዎች ጊዜያቸውንም ብራቸውንም ጅራቱን በማወዛወዝ ይጨርሱና መጨረሻ ላይ የተገኘውን ርካሽ ሴንሰር ይሰኩበታል። እናንተ ከሌላው ጫፍ ጀምሩ።

«ንጹሕ ነው ወይስ አይደለም» የሚል ሴንሰርም የለም። ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ወዲያው የምታነቡት ጥቂት ነገር ነው። ሙቀት፣ ፒኤች (የአሲድነቱ መጠን)፣ የሟሟ ኦክስጅን፣ ድፍርስነት፣ ኮንዳክቲቪቲ። የመጨረሻው ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ይለካል፤ ጨውና ፍሳሽ ሲገባበት ከፍ ይላል። እነዚህ ሁሉ ምልክት ናቸው። ትኩሳት እንደ መለካት ነው። ሰውየው እንደታመመ ታውቃላችሁ፤ ታይፎይድ ይሁን ወባ ግን ቴርሞሜትሩ አይነግራችሁም።

ጀርምን ተመልከቱ። ውሃው በሰገራ መበከሉን የምናውቀው ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ በመፈለግ ነው። ለዚህ ናሙና ቀድቶ፣ አጣርቶ፣ ሙቀት በሚጠብቅ ሣጥን ውስጥ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ማቆየት ያስፈልጋል። ባክቴሪያው ተራብቶ ነጠብጣብ ሆኖ ሲታይ ይቆጠራል። እናንተ የምትሠሩት ሮቦት እየዋኘ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ክሮሚየምም እንዲሁ ነው። ቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ የሚያለፉበት ብረት ነው፤ በተለይ የትንሹ አቃቂ ወንዝ ጉዳይ ነው። በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለካው ላቦራቶሪ ነው።

ስለዚህ ስለ ልጆቹ መልሱ ሮቦት አይጠብቅም። ቀበና ከእንጦጦ ወርዶ መሀል ከተማ እስኪደርስ የስንቱን ሰፈር ፍሳሽ፣ የስንቱን ሽንት ቤት፣ የስንቱን ላቫጆ እጣቢ ይዞ እንደሚመጣ ዐይናችሁም አፍንጫችሁም ይነግሯችኋል። አሜባና ጃርዲያ፣ ታይፎይድም ከዚህ ዓይነት ውሃ ነው የሚመጡት። ልጆቹን ዛሬውኑ ከዚያ ለማራቅ የማንም ማረጋገጫ አያስፈልግም። መለካት የሚጠቅመው ለሌላ ጥያቄ ነው። ብክለቱ ከየት ገባ? ስንት ሰዓት ላይ ገባ? እየባሰ ነው ወይስ እየተሻለ? ጥያቄያችሁን ወደዚህ ብታዞሩት ፕሮጀክታችሁ ነፍስ ይዘራል።

አሁን ስለ ሴንሰሩ ታማኝነት። ከዓመታት በፊት ከአንድ ድልድይ ሥር የኦክስጅን ሴንሰር አስረን ሄድን። ተመልሰን ስንመጣ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። መዝገቡ ላይ ኦክስጅኑ በየቀኑ ዝቅ ዝቅ ይላል። በአራተኛው ቀን 4 ሚሊግራም በሊትር፣ በሰባተኛው 2፣ በመጨረሻ ዜሮ ሊገባ ምንም አልቀረውም። ከላይ በኩል አንድ ድርጅት ፍሳሽ ለቋል ብለን ደብዳቤ ልንጽፍ ተነሥተን ነበር። ሴንሰሩን ሳወጣው ጫፉ ላይ እንደ ተልባ የሚያዳልጥ ቡናማ ሽፋን ይዟል። በጥርስ ብሩሽ ቀስ ብዬ አጽድቼ መልሼ ነከርኩት። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። 5.6 አነበበ። ወንዙ ምንም አልሆነም ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስንለካ የከረምነው ሴንሰሩ ላይ ያደገውን እድፍ ነው። ያን ደብዳቤ ልከነው ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው በሐሰት ይከሰስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሴንሰር ሳይታጠብ የመጣ ቁጥር አላምንም።

እንደ ቀበና ባለ ውሃ ውስጥ ይህ ሽፋን በቀናት ውስጥ ይመጣል። ስለዚህ ቢያንስ በሳምንት ሁለቴ አጽዱት። በሳምንት አንዴ ደግሞ በሚታወቅ ፈሳሽ አመሳክሩት። ለፒኤች 4፣ 7 እና 10 የተባሉት መለኪያ ፈሳሾች አሉ። ለኮንዳክቲቪቲ 1413 ማይክሮሲመንስ የሚባለው አለ። ከማጽዳታችሁ በፊት ያነበበውንና ካጸዳችሁ በኋላ ያነበበውን ሁለቱንም ጻፉ። ልዩነቱ ሴንሰሩ ምን ያህል እንደዋሸ ይነግራችኋል። ፈታኞቻችሁ ከሮቦቱ ጅራት ይልቅ ይህን ደብተር ቢያዩ ደስ ይለኛል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ኢንተርኔት ላይ ስታነቡ «በ20 ዲግሪ ሙቀት ጤነኛ ውሃ 9 ሚሊግራም በሊትር ያህል ኦክስጅን ይይዛል» የሚል ታገኛላችሁ። እውነት ነው፤ ለባሕር ጠለል። እኛ ያለነው ወደ 2,400 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ሳስቷል። የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። እዚህ በ20 ዲግሪ አንድ ውሃ እስከ ጢም ቢሞላ እንኳ 7 አይደርስም። እንግዲህ አራት ኪሎ ላይ 6.5 ያነበበ ተማሪ «ውሃው ሩብ ያህል ኦክስጅኑን አጥቷል» ብሎ ቢጽፍ ተሳስቷል። ያ ውሃ ሙሉ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ሴንሰራችሁን ስታስተካክሉ የአየር ግፊቱን አስገቡበት። ሪፖርታችሁ ላይ ከሚሊግራሙ ጎን በመቶኛ ስንት እንደሞላም ጻፉ።

ወደ ቅርጹ ልምጣ። በእንስሳ አምሳል የተሠሩት ሮቦቶች ተረት አይደሉም፤ ሐሳቡን አልንቅም። እ.ኤ.አ. በ2012 ስፔን ውስጥ የሂኾን ወደብ ላይ አንድ ሜትር ተኩል የሚረዝሙ ዓሣ መሰል ሮቦቶች ብክለት እንዲፈልጉ ተሞክረዋል። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ2016 የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያዎቿ ላይ ስዋን የሚመስሉ ተንሳፋፊ ሮቦቶች አሰማርታለች። ስዋን ያ ረጅም አንገት ያለው ነጭ የውሃ ወፍ ነው። ፒኤች፣ ኦክስጅንና ድፍርስነት እየለኩ ይዞራሉ፤ ለሚያያቸው ሰውም የሐይቁን መልክ አያበላሹም።

እኔ የምወደው የስዊዘርላንዶቹን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የሎዛን ተመራማሪዎች ኤንቫይሮቦት የተባለ እባብ መሰል ዓሣ የሚመስል ሮቦት ጄኔቫ ሐይቅ ላይ ሞክረዋል። እሱም ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይረዝማል። ገላው ከተቀጣጠሉ ክፍሎች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሞተር አለው፤ አንዳንዱ ደግሞ ሴንሰር ይይዛል። ለሙከራው ሐይቁ ዳር ጨው በተኑ። ሮቦቱ እየዋኘ ኮንዳክቲቪቲው የት ከፍ እንዳለ በካርታ አሳየ። ለምን ፕሮፔለር አላደረጉለትም? ፕሮፔለር ከሥር ያለውን ደለል ያናውጣል፣ ሣር ይጠቀለልበታል፣ ዓሣ ያሸሻል። ደለሉን ያናወጠ ሮቦት የሚለካው ራሱ ያደፈረሰውን ውሃ ነው። እየተጥመለመለ የሚሄድ ግን ውሃውን ብዙም አይረብሽም። የእንስሳ ቅርጽ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ማማሩ ተጨማሪ ነው።

እነዚህ ሁሉ የተሞከሩበትን ቦታ ግን ልብ በሉ። ወደብ፣ ማጠራቀሚያ፣ ሐይቅ። ሁሉም ጥልቅና የረጋ ውሃ ነው። አሁን ቀበና ድልድይ ላይ ቆማችሁ በየካቲት ወር ወደ ታች ተመልከቱ። ብዙ ቦታ ላይ ውሃው ቁርጭምጭሚት አያልፍም። ድንጋይ ለድንጋይ ይፈሳል። ድንጋዮቹ መሀል ፌስታል፣ ጨርቅ፣ የሃይላንድ ኮዳ ተሰክቷል። አንድ ሜትር ዓሣ እዚያ ሆዱን አሸዋ ላይ ጎትቶ ይቆማል። የጅራቱ መገጣጠሚያ ውስጥ አንድ ቀጭን ፌስታል ከገባ ሞተሩ ይቃጠላል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ያው ወንዝ ቋጥኝ ያንከባልላል። እንጦጦ ላይ የዘነበው እናንተ ጋ ፀሐይ እያለ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። የሠራችሁትን ሮቦት እንኳን ልትቆጣጠሩት ዳግም አታዩትም። ባንቺይቀጡም ሆነ ሌሎቹ የመሀል ከተማ ወንዞች ከዚህ አይለዩም።

ደግሞስ ለምን ይዋኝ? በሐይቅ ውስጥ ውሃው ቦታውን ይዞ ስለሚቆይ ሮቦቱ ወደ ውሃው መሄድ አለበት። በወንዝ ውስጥ ግን ውሃው ራሱ እየመጣ በሴንሰራችሁ ፊት ያልፋል። ድልድይ ሥር አንድ ቦታ ቆማችሁ ብትጠብቁ ከላይ የተደፋው ሁሉ በተራው ይደርሳችኋል። መዋኘት እዚህ ባትሪ ከመጨረስ ሌላ የሚጨምረው የለም።

የዋይፋዩን ነገር እርሱት። የሬዲዮ ሞገድ ውሃ ውስጥ ገና ጥቂት እንደሄደ ይከስማል፤ ፍሳሽ የበዛበት ጨዋማ ውሃ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ጂፒኤስም ከውሃ ሥር አይሠራም። ጠልቀው የሚሄዱ ሮቦቶች ወይ በድምፅ ሞገድ ይነጋገራሉ፣ ወይ እየወጡ ይልካሉ። የሲንጋፖሮቹ ስዋን ቢሠሩ ይህም ጥቅም አለው፤ ስዋን አንገቷ ሁሌም ከውሃ በላይ ነው። እናንተም ሲም ካርድ የሚይዘውን ሰሌዳ ድልድዩ ላይ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከሱ ወደ ሴንሰሩ ገመድ አውርዱ። በየሩብ ሰዓቱ አንድ አጭር መልእክት ይበቃል።

ከእንስሳ መማር የምትፈልጉ ከሆነ ግን ከቅርጻቸው ይልቅ ኑሯቸውን እዩ። ዋርሶ ከተማ የሚጠጣውን ውሃ የሚጠብቁት ከመሣሪያው በተጨማሪ ስምንት ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች ናቸው። ሕያው ናቸው። ክዳናቸው ላይ ትንሽ ሴንሰር ተለጥፎባቸዋል። ውሃው ሲበከል ክዳናቸውን ይዘጋሉ፤ ያኔ የውሃው መግቢያ ይዘጋል። ምን ዓይነት መርዝ እንደገባ አይናገሩም። አንድ ነገር እንደገባ ግን ያውቃሉ፤ እኛ ለይተን ያልፈለግነውን መርዝ እንኳ ያውቃሉ። የኤንቫይሮቦት ሰዎችም ይህን ስለገባቸው ለሮቦታቸው ክፍሎች ባክቴሪያና ዳፍኒያ የሚባሉ ጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት የሚይዙ ሴንሰሮች አዘጋጅተዋል።

የኛም ወንዞች እንዲህ ዓይነት ጠባቂ አላቸው። ጓንትና ቦቲ አድርጋችሁ ከወንዙ አንድ ድንጋይ አንሡና ገልብጡ። ከቤቶቹ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በኩል ከሆናችሁ የምትፈልጉት ድንጋዩ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ነፍሳት ነው። ከኋላዋ ክር የመሰለ ጭራ ሁለት ወይም ሦስት አላት። ሳህን ውስጥ በውሃ ብታስቀምጧት በሆዷ ግራና ቀኝ ላባ የመሰለ ነገር ሲርገበገብ ታያላችሁ። መተንፈሻዋ ነው። እሷ ካለች ውሃው ኦክስጅን አለው። ከዚያ ወደ መሀል ከተማ ወርዳችሁ ያንኑ ድገሙ። እዚያ የምትጠብቁት ጭቃው ውስጥ የሚጥመለመሉ ደም የመሰሉ ቀያይ ትሎች ነው። ቀይ የሆኑት እንደኛው ሄሞግሎቢን ስላላቸው ነው፤ ኦክስጅን በጠፋበት ቦታ የቀረችውን ለቅመው ይይዙበታል። እነሱ ብቻ የቀሩበት ወንዝ ለወራት ታፍኖ የቆየ ወንዝ ነው። ሴንሰር የሚያሳያችሁ የዚያችን ደቂቃ ነው። እነዚህ ትሎች ግን እዚያው የከረሙ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሚኒሳስ የሚባል ዘዴ አለ፤ ተማሪዎች 13 የነፍሳትና የትል ቡድኖችን እየለዩ ለወንዛቸው ነጥብ ይሰጣሉ። ወንፊትና ነጭ ሳህን ይበቃል። የኛ ፍጥረታት ላይ ነጥቡ እንዳለ ላይሠራ ስለሚችል ከላይና ከታች ያለውን ለማነጻጸር ብቻ ተጠቀሙበት።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ዓሣውንም እባቡንም ለቀበና አትሥሩ። በምትኩ ሁለት ድልድይ ምረጡ፤ አንዱ ከምትጠረጥሩት ቦይ በላይ፣ አንዱ ከሱ በታች። በሁለቱም ላይ ሙቀት፣ ኮንዳክቲቪቲና ኦክስጅን የሚለካ ቋሚ ጣቢያ ትከሉ። ፒኤች ቢጨመር ጥሩ፤ ገንዘብ ካጠራችሁ ግን መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው። ኦክስጅኑ ላይ አትቆጥቡ፤ በብርሃን የሚለካውን (ኦፕቲካል የሚባለውን) ዓይነት ግዙ፤ ከሌላው ይልቅ ሳይዛባ ይቆያል። ለሴንሰሮቹ ቤት ከመርካቶ 110 ሚሊሜትር የፍሳሽ ቧንቧ ገዝታችሁ ዙሪያውን ቀዳዱት። ከምሰሶው ጋር በሰንሰለት እሰሩት። ሰንሰለቱ ለጎርፉም ነው፣ ቆራሌው እንዳይወስደውም ነው። ክረምት ሳይገባ ግን አንሡት።

ሁለቱን ድልድይ ማነጻጸር ነው ሥራውን የሚሠራላችሁ። ላይኛው ሳይነቃነቅ ታችኛው ላይ ኮንዳክቲቪቲው ድንገት ከዘለለ፣ በመሀል የሆነ ነገር ገብቷል ማለት ነው። ሰዓቱንም ታውቁታላችሁ። የቋሚ ጣቢያ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ናሙና የሚቀዳ ሰው የሚሄደው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ፍሳሽ መድፋት የፈለገ ደግሞ ሌሊቱን ይመርጣል። ኦክስጅንም ቢሆን በጣም የሚወርደው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ አልጌ ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ሲሠራ ውሎ ሌሊቱን መልሶ ይበላዋልና። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ያለውን ቁጥር ሳያዩ ስለ ወንዝ ጤና መናገር ይከብዳል።

የሮቦት ፍቅራችሁን ደግሞ አታጥፉት። ቦታው ሌላ ነው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ የሚገናኙበት የአባ ሳሙኤል ግድብ ሐይቅ ለዚህ የተፈጠረ ነው። የከተማው ወንዞች የተሸከሙት ሁሉ እዚያ ይገባና ወደ አዋሽ ይሻገራል። ውሃው የረጋ፣ ሰፊ፣ በእግር የማይደረስበት ነው። እዚያ እንደ ዳክዬ የሚንሳፈፍ ሮቦት እንጂ የሚጠልቅ አይሁን። ውሃ የማያስገባ ገላ መሥራት ቀላል ይሆንላችኋል፤ ሲም ካርዱም ይሠራል፤ ቢበላሽ በጀልባ ታወጡታላችሁ። እንቦጭ በተኛበት በኩል ግን አትላኩት፤ ዳክዬም ዓሣም አያልፈውም። እዚያ ከመሄዳችሁ በፊት ፓርክ ውስጥ ባለ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ አስፈቅዳችሁ ሞክሩት።

ስለ ፈቃድ ካነሣሁ አይቀር፣ ይህን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት። መሀል አዲስ አበባ ድልድይ ሥር፣ ሽቦና አንቴና ያለው፣ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ሣጥን አስራችሁ ብትሄዱ ምን ሊመስል እንደሚችል አስቡ። ጥበቃዎቹ ቢይዟችሁ ሥራቸው ነው። ከትምህርት ክፍላችሁ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዛችሁ ወረዳውንም የወንዝ ዳር ልማቱን ጥበቃዎችም አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ሣጥኑ ላይ ምን እንደሆነና ስልክ ቁጥራችሁን በአማርኛ በትልቁ ጻፉ። ለጽዳት ስትወርዱ ብቻችሁን አትውረዱ። አንዳችሁ ከላይ ቆሞ ወደ እንጦጦ ያለውን ሰማይ ይጠብቅ፤ ከጠቆረ ውጡ። እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ስልካችሁን አትንኩ።

ለወረዳው የምትጽፉት ደብዳቤ «ወንዙ ቆሻሻ ነው» ብሎ ከጀመረ ማንም አያነበውም፤ ያውቁታል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ቆይቷል፤ የሚጎድለው የት እና መቼ የሚለው ነው። ስለዚህ ጣቢያችሁ አንድን ሰዓት ደጋግሞ ካሳያችሁ፣ በዚያ ሰዓት ተገኝታችሁ በንጹሕ ጠርሙስ ናሙና ቅዱ። በበረዶ ይዛችሁ በዚያው ቀን ላቦራቶሪ አድርሱት። ደብዳቤው ላይ የቦዩን ቦታ በካርታ አሳዩ፣ የሁለቱን ድልድይ ቁጥር ጎን ለጎን አድርጉ፣ የላቦራቶሪውን ወረቀት አያይዙ። ግልባጩን ለከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ስጡ። ሴንሰሩን ያጸዳችሁበትን ቀን የጻፋችሁበትን ደብተርም ኮፒ አድርጋችሁ ከኋላው ጨምሩበት።